ለአባባ ጃኬት የሚራራ ማሽን

በርገን፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ እህት፣ ለእናቴም ምትክ፣ ለእትዬ የዓለምወርቅ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ጉልበትዎስ ተሻለው? ለጎረቤታችን ለሳቢት፣ ለመንደሩም ሰው ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። እኔ በሥላሴ ቸርነት አለሁ። በርገን ትናንትም ዘንቧል፣ ዛሬም ዘንቧል፣ ነገም አይቀርም። የኖርዌይ ሰው ዝናብ አይፈራም፤ እኔ በምሠራበት መዋዕለ ሕፃናት ልጆቹን ዝናብ ላይ ነው የምናጫውታቸው። ጭቃ የነካው የዝናብ ልብሳቸውን ሰብስቤ የማጥበው እኔ ነኝ።

ስልክ ትቼ ደብዳቤ የያዝኩት ተቀይሜ ነው። «አባባን አቅርቡልኝ» ስል «ጫካ ናቸው» ይሉኛል። ደግሜ ስጠይቅ «ኔትወርኩ ነው፣ አይሰማም» ብለው ይዘጉታል። ደብዳቤ ኔትወርክ የለውም፤ እርስዎ በእጅዎ ይጻፉ፣ ሳቢት በስልኳ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ።

ጉዳዬ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። ልገዛልዎ ቆርጫለሁ። አባባ የእንጦጦን ዛፍ ሲጠብቁ እንዲለብሱት የላክሁትን አረንጓዴ የዝናብ ጃኬት አምና ምን እንዳደረጉት ያስታውሳሉ? በፈላ ውሃና በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፈው፣ ድንጋይ ላይ አሽተው፣ ጠምዝዘው አሰጡት። ከዚያ ወዲያ ውሃ እንደ ወንፊት ያሳልፍ ጀመር። አባባ በስብሰው ገብተው ሳንባ ምች ያዛቸው። ሐኪሙ «ሁለተኛ እንዲህ ከበሰበሱ ሳንባቸው አይችልም» ማለቱን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ሥራውን ይተዉ ብንላቸው እምቢ አሉ። እንግዲህ የአባቴ ነፍስ ያለችው በዚያ ጃኬት ላይ ነው። ይኸው ክረምቱ ገባ፤ እኔም «አዲስ አበባ ዘነበ» ሲባል ልቤ ድው ድው ይላል።

የበሩን ስፋት፣ የውሃውንና የመብራቱን ነገር ይጻፉልኝ፤ ለጃኬት የሚራራ ማሽን እመርጣለሁ።

በፋሲካ የላኩልኝ በርበሬ ደርሶኛል። ያሰሩት አባባ መሆናቸውን በቋጠሮው አወቅሁ፤ ያንን ችግኝ የሚያስሩበትን ቋጠሮ ከእሳቸው በቀር ማን ያውቅበታል? እርስዎማ ሁልጊዜ በቢላ ነው የሚበጥሱት። እኔ ግን በልጅነቴ ስላስተማሩኝ ቁጭ ብዬ ፈታሁት።

ልጅዎ ሊሚ ኢታና


ጉለሌ፣ ሰኔ 12 ቀን፣ በሚካኤል ዕለት

ይድረስ ለእህቴ ለብርነሽ ልጅ፣ ለሊሚዬ፤

የዛሬው መልአክ ከውሃ ሙላት፣ ከሰው ክፋት ይሰውርሽ። እጅሽ የነካው ይባረክ፣ እግርሽ የረገጠው ይለምልም።

ስልክ ዘጊ አደረግሽኝ አይደል? እንዲህ ነው እንጂ የልጅ ምስጋና! ቂጥሽን ያጠብኩሽ እኔ፣ ዛሬ ልብስ እጥበት የምታስተምሪኝ አንቺ። ይሁን፣ እግዜር ያሳድግሽ።

ማሽኑን አልፈልግም አልልሽም፣ እፈራዋለሁ እንጂ። ሳቢት ከላይ የሚከፈት ገዝታ መሃሉ ላይ የቆመው ምሰሶ መሳይ ነገር የባሏን ጋቢ ጠምልሎ ጠምልሎ ጥለቱን ገነጠለላት። ጋቢን እንዲህ ያደረገ ጃኬትን ምን ሊያደርገው ነው? ውሃውም በፈረቃ ነው፤ ሮቶ ሞልተን ነው የምንጠባበቀው። መብራቱም የራሱ ጠባይ አለው። ልብሱን በሆዱ እንደያዘ መብራት ቢሄድ ማን ያስተፋዋል?

ሌላም ልንገርሽ፣ ግን አትቆጪ። በሚያዝያ የጃኬቱ አንገት እድፍ አልለቅ ቢለኝ በረኪና ነካ አደረግሁበት። ወደ ግራ ትከሻው ፈስሶ መዳፍ የሚያህል ነጭ ነገር ወጣበት። አባትሽ አይተው «ወፍ ጣለችብኝ እላለሁ» ብለው ሳቁ። እኔ ግን አዘንኩ።

በሩ ሰፊ ነው፣ ቁም ሣጥኑ የገባበት ነው። አባትሽ ደህና ናቸው። ጫካ ናቸው።

ብቻ ማሽኑ ይጮሃል እንዴ? ቀን የተኛ ሰው የማይቀሰቅስ ይገኛል? ደግሞ በሩን በአንድ እጅ መክፈት ይቻላል? እንዲሁ ነው የጠየቅሁሽ።

አክስትሽ የዓለምወርቅ


በርገን፣ ሰኔ 15 ቀን

ለእትዬ የዓለምወርቅ፤

ምርቃትዎ ደርሶኛል፤ አሜን ብያለሁ። በጋቢው ታሪክ ብቻዬን ስስቅ ነበር፤ ሳቄ ግን አልቆየም።

መጀመሪያ ማሽኑን እንጨርስ። የሳቢት ዓይነቱ ለጃኬት አይሆንም፣ ልክ ነዎት፤ ምሰሶው ልብሱን እየጎተተ ስፌቱን ያላላዋል። የእኛው ከፊት የሚከፈት፣ ልብሱን እያነሳ የሚያወርድ ይሁን። በሠላሳ ዲግሪ የሚያጥብ፣ ለስስ ልብስ የሚሆን ፕሮግራም ያለው፣ ሲጨምቅ ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ የሚቻል፣ አለቅልቆም ደግሞ የሚያለቀልቅ። ሳሙናው ፈሳሽ ነው፤ ዱቄቱ ጨርቁ ውስጥ ይቀራል። ማለስለሻና በረኪና በደጁም አይለፍ! ዚፑ ተዘግቶ ይገባል። የልጆቹን ልብስ እንዲህ ነው የማጥበው፤ ዝናቡ ላያቸው ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል። መብራት ቢሄድም ሲመጣ ካቆመበት የሚቀጥል አለ፤ በሆዱ ይዞት አይቀርም።

አሁን የእኔ ጥያቄ። ቀን የሚተኛው ማነው? አባባ በሕይወታቸው ቀን ተኝተው አያውቁም። በአንድ እጅ የሚከፍተውስ ማነው? የእርስዎ እጅ ደህና መሆኑን ጽሑፍዎ ይናገራል። «እንዲሁ ነው» ይሉኛል፤ እርስዎ እንዲሁ የሚጠይቁ ሰው አይደሉም።

እባክዎ የአባባን ፎቶ ይላኩልኝ፣ ዛሬ የተነሱትን። ሳቢትን «ቪዲዮ ላኪልኝ» ብላት «ካሜራዬ ተበላሽቷል» አለችኝ። የእርስዎን ደብዳቤ ያነሳችው በምን ካሜራ ነው?

ፈርቻለሁ እትዬ። በቶሎ ይመልሱልኝ።

ልጅዎ ሊሚ


ጉለሌ፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ

ይድረስ ለሊሚ፤

እመቤቴ ጥላ ከለላ ትሁንሽ። ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ፤ ክረምቱ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው።

ስለ ማሽኑ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። የጃኬቱን ነገር ተዪው። አንሶላ የሚያፈላ ይሁን። አንሶላና ብርድ ልብስ፣ ሽታ የሚያስለቅቅ፣ በየቀኑ ቢያሠሩት የማይሰለች። ዘጠና ዲግሪ የሚደርስ አለ ብላኛለች ሳቢት። ለጃኬት የሚራራው ለአንሶላ ይሰንፋል ብዬ ሰጋሁ፤ ስለዚህ ጠንከር ያለውን ምረጪ።

ፎቶ ያልሽው ይኸው። ትናንት ጫካ ሲሄዱ በር ላይ ያነሳናቸው ነው። ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሻል። ልጄ፣ ብዙ አታስቢ፤ ሐሳብ ፀጉር ያሸብታል እንጂ ወንዝ አያሻግርም። ሥራሽን ያዢ፣ የመኖሪያ ወረቀትሽን ጨርሺ።

የዓለምወርቅ


በርገን፣ ሐምሌ 7 ቀን

እትዬ የዓለምወርቅ፤

ሰላምታ ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ፎቶውን አየሁት። አባባ በር ላይ ቆመው ይስቃሉ። አረንጓዴውን ጃኬት ለብሰዋል። ደስ ብሎኝ ስልኩን ሳምኩት። ከዚያ አስፍቼ አየሁት። ግራ ትከሻቸው ንጹሕ ነው። በሚያዝያ በረኪና የፈሰሰበት፣ «ወፍ ጣለችብኝ» ያሉበት ነጭ የት ሄደ? ይህ ፎቶ ትናንት የተነሳ አይደለም። ከሚያዝያ በፊት የተነሳ ነው።

በዘጠና ዲግሪ በየቀኑ የሚፈላ አንሶላ የማን አንሶላ ነው? «የጃኬቱን ነገር ተዪው» ይላሉ። ጃኬቱን የሚለብሰው ሰው የት ሄዶ ነው የምተወው?

እማዬ ስትሞት የሰማሁት አርባዋ ከወጣ በኋላ ነው። መጀመሪያ «ትንሽ አሟታል» አላችሁኝ። ከዚያ «ጠበል ሄዳለች፣ እዚያ ስልክ የለም»። እኔ እዚህ ለበዓል ቀሚስ ገዝቼላት፣ በስንት ቁጥር እንደምትለብስ ስጠይቅዎ «ትልቁን ቁጥር ላኪ» ብለው ጻፉልኝ። ለሞተች ሴት ቀሚስ ቁጥር ነገሩኝ! ሐዘኑን ከእናንተ ርቃ ብቻዋን እንዳትሰማ ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ወጉ እንዲህ ነው፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በሰው ፊት፣ በማለዳ ነው የሚነገረው። ግን ከዚያ ወዲህ «ደህና ናቸው» የሚለው ቃል ከእናንተ አፍ ሲወጣ መርዶ ይመስለኛል።

ስለዚህ እለምንዎታለሁ። አባቴ አሉ? አንድ ቃል ብቻ ይጻፉልኝ።

ሊሚ


በርገን፣ ሐምሌ 20 ቀን

እትዬ፤

አልመለሱልኝም። ስልክዎ ይጠራል፣ አይነሳም። የሳቢት ጭራሽ ተዘግቷል።

የዛሬውን ልንገርዎ። እሑድ አይደል፣ ከማለዳው በሬ ተንኳኳ። በመስኮት ዝቅ ብዬ ሳይ ጋሽ አክሊል ዣንጥላ ይዘው ቆመዋል፤ የእኛ የበርገን ሐበሾች ሽማግሌ ናቸው፣ የእማዬን መርዶ የነገሩኝም እሳቸው ነበሩ። አጠገባቸው ናዝሬት አለች፣ እሷም ከእኛው ነች። ከኋላቸው ሌላ ሴት ነጠላ ለብሳ። ከበሩ ኋላ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አፌን በእጄ ያዝኩ። «ሊሚ! ሊሚዬ፣ አለሽ?» ይላሉ። ትንፋሼን ዋጥኩ። በሩን ካልከፈትኩ አባባ አልሞቱም ማለት ነው፣ እንዲህ ነበር የማስበው። እንደ ሕፃን። ከሄዱም በኋላ ብዙ ቆየሁ፤ ተመልሰው እንዳይሆን ብዬ መብራት አላበራሁም፣ ሻይ አላፈላሁም።

ከሰዓት በኋላ ናዝሬት መልእክት ላከችልኝ። በነሐሴ መግቢያ አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ «ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የምትልኪው ዕቃ ካለ ልንጠይቅሽ መጥተን አጣንሽ» ትላለች። ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ ዕቃ ለመጠየቅ ሦስት ሰው ምን ያደርጋል እያልኩ እንደገና ፈራሁ።

እንዲህ መኖር አልችልም እትዬ። የምትደብቁኝ ነገር ከሚሆነው ነገር በላይ እየገደለኝ ነው።

ሊሚ


ጉለሌ፣ ሐምሌ 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ

ልጄ ሊሚ፤

አባትሽ በሕይወት አሉ። መጀመሪያ ይህን አንብቢ፣ ደግመሽ አንብቢ፣ ከዚያ ቀጥዪ።

በግንቦት መጨረሻ እንጦጦ ላይ ደም ግፊታቸው ተነሥቶ ወደቁ። ስትሮክ ነው የሚሉት። የሥራ ጓደኞቻቸው በዝናብ ተሸክመው ጳውሎስ ሆስፒታል አደረሷቸው። ነፍሳቸው ተረፈች። ቀኝ ጎናቸው ግን አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። አሁን ቤት ናቸው። የጳውሎስ ሐኪሞች እያዩልን ነው፤ እግራቸውን ማንቀሳቀስ ጀምረዋል። አንሶላው የእሳቸው ነው። ቀን የሚተኙትም እሳቸው ናቸው። በአንድ እጅ ይከፈታል ወይ ያልኩሽ፣ መተኛት ሰልችቷቸው «ሥራ ስጡኝ» ለማለት ግራ እጃቸውን ስለሚያወናጭፉብኝ ነው።

ሲያመጧቸው ጃኬቱ እስከ ውስጥ በስብሶ ነበር። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። «በረኪናዬ ጣላቸው» ብዬ ሐኪሙ እግር ላይ ወደቅሁ። «እማማ፣ ዝናብ አይደለም፣ ግፊት ነው» አለኝ። እስከ ዛሬ ልቤ አላመነውም። አንቺ ስለ ጃኬት በጻፍሽልኝ ቁጥር ያ ዝናብ ይመጣብኛል፤ ለዚህ ነው «ተዪው» ያልኩሽ።

ለምን ደበቅሽኝ ትያለሽ። ወረቀትሽ ገና እየታየ ነው፤ አሁን ከወጣሽ መመለስ ላይኖር ነው። ይህን ራስሽ ነግረሽኛል። ብነግርሽ ሁሉን ጥለሽ እንደምትመጪ አላውቅም? አባትሽም በምልክት «አትንገሯት» አሉ። ድምፃቸው እንዳይሰማሽ ነው የሚፈሩት። ስምሽ ሲነሳ ያለቅሳሉ። ስልክ ስናነሳ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ይስባሉ፤ ከንፈራቸው በአንድ ወገን ወርዷል፣ አፈሩ። ሳቢት እንደምንም አንስታቸዋለች፣ ልኬልሻለሁ።

ይቅር በይኝ። ፈርቼ ነው፣ ተንኮል የለብኝም።

አክስትሽ


በርገን፣ ሐምሌ 24 ቀን

እትዬ፤

የተሸፈነ ሰው ፎቶ ላኩልኝ። እትዬ፣ ከራስ እስከ እግር የተሸፈነ ሰው!

ላምንዎ እፈልጋለሁ፣ በእማዬ ሞት! ግን እንዲህ ነበር የጀመረው። መጀመሪያ «አሟታል»፣ ቀጥሎ «ጠንቶባታል»፣ ከዚያ የበር መንኳኳት። ይኸኛው ስንተኛው ደረጃ ነው? ናዝሬት መጥታ ትይልኝ እንዳልል፣ «በዓይኔ አየኋቸው» ብትለኝም አላምናትም። እማዬንም በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ነበሩ፤ ያውም ፈገግ ብላ። ቃል አላምንም፣ ፎቶ አላምንም፣ ምስክር አላምንም። ምን እንደማምን ራሴም አላውቅም።

ማሽኑን ገዝቻለሁ። ከአዲሱ ገበያ ሱቅ ነው፣ ሰዎቹ ራሳቸው አምጥተው ይተክሉልዎታል። አንሶላ ያፈላል። የመረጥኩት ግን ለጃኬቱ ነው። ሻጩ «ለበሽተኛ ቤት ከሆነ ይህኛው ይሻላል» ብሎ ሌላ አሳይቶኝ ነበር፤ ስልኩን ዘጋሁበት። የበሽተኛ ማሽን ብመርጥ አባባ ሁለተኛ ጃኬት አይለብሱም ብዬ እንደፈረምኩ ነው የሚሆንብኝ። ድምፁ ዝቅተኛ ነው፤ በሩ በአንድ እጅ ይከፈታል።

ናዝሬት ጠርሙስ ይዛልዎ ትመጣለች፤ ያረጀ የዝናብ ልብስ እንደገና ውሃ እንዳያስገባ የሚያደርግ ፈሳሽ ነው። መጀመሪያ ጃኬቱን በሠላሳ ዲግሪ ይጠቡት፣ ከዚያ በፈሳሹ ይድገሙት። ሲጨርሱ በናዝሬት እጅ ይላኩልኝ። በርገን ዝናብ ላይ ራሴ ለብሼ ልፈትነው። ውሃ እንደማያስገባ ሳላይ ማንም እንዳያለብሳቸው።

ይህን ደብዳቤ ለአባባ ያንብቡላቸው። ካሉ።

ሊሚ


ጉለሌ፣ ነሐሴ 13 ቀን፣ በቡሄ

ይድረስ ለሊሚዬ፤

ብርሃኑን የገለጠ ጌታ ልብሽን ያብራው። «ካሉ» ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብላቸው አልጋውን በግራ እጃቸው መቱት፤ «አለሁ» ማለታቸው ነው።

ማሽኑ መጣ። ሰዎቹ ሮቶው ላይ ቀጠሉት፣ አሳዩኝ፣ ሄዱ። ከእሱ ጋር ብቻዬን ስቀር ፍርሃት ያዘኝ። አማተብኩበት። ዚፑን ዘግቼ፣ ፈሳሽ ሳሙናውን አድርጌ፣ አንቺ ያልሽውን ነካሁ። በርጩማ ስቤ ፊቱ ተቀመጥኩ። በመስታወቱ አየዋለሁ፤ ጃኬቱ ይወጣል፣ ይወርዳል። ድንገት እጅጌው መስታወቱን ጠፍ አደረገው። ሊሚዬ፣ ሰው የሰመጠ መስሎኝ ጮህኩ! በዝናብ ተሸክመዋቸው ሲመጡ ያ እጅጌ እንዲሁ ነበር የተንጠለጠለው። ሳቢት ሮጣ መጣች። አባትሽ ከአልጋቸው ሆነው «ህ፣ ህ» አሉ፤ ለካ እየሳቁብኝ ነው! ከወደቁ ወዲህ ሲስቁ የሰማሁት ያኔ ነው።

በፈሳሹም ደገምኩት። ሲደርቅ ውሃ ጠብ ባደርግበት ተንከባለለ። ነጩ ትከሻው ላይ እንዳለ ነው፣ እሱን ማሽንም አላስለቀቀው።

ጠርሙሱን አስቀድማ በሰው የላከችልን ናዝሬት ዛሬ ራሷ መጥታ አየቻቸው። አታምኛትም፣ አውቃለሁ። ጃኬቱን ጠቅልዬ በቃጫ ላስር ስል አባትሽ ነጠቁኝ። ደረታቸው ላይ አስደግፈው ሲታገሉት ዋሉ። ልርዳዎት ስል ይቆጡኛል። ቃጫውን በጥርሳቸው ሲይዙ አስጠላኝና «ንጹሕ ልብስ አያበላሹ!» አልኳቸው። አልሰሙኝም። ምን እንደሚያደርጉ አልገባኝም፤ እንዳሰሩት ሰጠኋት።

የዓለምወርቅ


በርገን፣ ነሐሴ 25 ቀን

እትዬ የዓለምወርቅ፣ እናቴ፤

ናዝሬት ትናንት ጥቅሉን ሰጠችኝ። ስለ አባባ ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት «ቆይ» አልኳት። ቋጠሮውን አየሁት።

የችግኙ ቋጠሮ ነው እትዬ። ያ እርስዎ በቢላ የሚበጥሱት። ግን የተገለበጠ ነው፤ በቀኝ የሚዞረው በግራ ዞሯል። ላላ ያለ ነው። ቃጫው ላይ የጥርስ ምልክት አለ። በሁለት እጁ የሚያስር ሰው እንዲህ አያስርም፤ ቋጠሮውን የማያውቅ ሰው ደግሞ ጭራሽ አያስረውም። በግራ እጃቸው ብቻ፣ በጥርሳቸው፣ ለእኔ። ናዝሬት አንገት ላይ ተጠምጥሜ ጮህኩ። «ምነው? ደህና ናቸው እኮ!» ትላለች ደንግጣ። «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» እላታለሁ።

ጃኬቱን ለብሼ ዝናቡ ላይ ቆምኩ። ትከሻው ላይ፣ እዚያ ነጩ ላይ እንኳ አልገባም። ዝናቡ እስኪሰለቸው ቆየሁ። አልበሰበስኩም። ከእንግዲህ በረኪናውን ይርሱት፤ ሐኪሙ እውነቱን ነው የነገረዎ።

ግን ሌሊቱን አልተኛሁም። ቋጠሮው የታሰረው በቡሄ ነው። በቡሄ ነበሩ። ዛሬስ? ቋጠሮ የዛሬን አይናገርም። ስለዚህ እመጣለሁ። አይከልክሉኝ። ወረቀቱ ከቀረ ይቅር፤ ወረቀት እንደገና ይታያል። ጳጉሜ 3 ከሰዓት ቦሌ እደርሳለሁ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ሰው ይዘው አይምጡ። በሩ ላይ የተሰበሰበ ዘመድ ባይ፣ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው ባይ፣ እዚያው ነው ልቤ የሚቆመው። እርስዎ ብቻዎን ይምጡ። ብቻዎን ካየሁ አባባ ቤት እየጠበቁኝ ነው እላለሁ።

ልጅዎ ሊሚ


ጉለሌ፣ ጳጉሜ 2 ቀን

ይድረስ ለሊሚዬ፤

መንገድሽን መልአኩ ያቅናልሽ። ያሰብሽው ይሙላ፣ የፈራሽው ይሽሽ።

ይህን ደብዳቤ ሳትነሺ እንድታነቢው ሳቢት አሁኑኑ ትልከዋለች፤ ካሜራዋ ድኗል።

ቃልሽን ልጠብቅ አስቤ ነበር። ዘመድ አዝማዱን ሁሉ «ማንም እንዳይሄድ» ብዬ አስጠንቅቄያለሁ። የተቀየመ ተቀይሟል፣ እዳው የእኔ ነው። ነገር ግን ብቻዬን አልመጣም ልጄ። እንዳትደነግጪ ብዬ ነው አስቀድሜ የምነግርሽ። ሁለት ሆነን ነው የምንመጣው።

አንዷ እኔ ነኝ። ሁለተኛውን «ብርድ ነው፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ በሽተኛ ቦሌ ድረስ አይሄድም» ብዬ ለመንኳቸው። ማሽኑ አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ አሁን አንሶላቸውን ራሳቸው ናቸው የሚከቱት። እሺ እስክላቸው ድረስ ላዩን በግራ እጃቸው ይደበድቡት ጀመር። ሊሰብሩብኝ ነው ብዬ እሺ አልኩ። የሳቢት ባል መኪና ይዞልናል፣ ተሽከርካሪ ወንበርም ተውሰናል። ጢማቸውን ተላጭተዋል። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ እንዳይስቡ አስምያቸዋለሁ።

ነገ ሩፋኤል ነው፣ ዝናቡ አይቀርም። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው ይባላል፤ ለሳንባቸው ግን አላምነውም። ስለዚህ ጃኬቱን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከችው። በእጅሽ ያዢው፤ ከበር ስንወጣ ይለብሱታል።

አክስትሽ የዓለምወርቅ